የረጅም መንጠቆ አዘገጃጀት፦ የመንጠቆ መጠንና የአቀማመጥ ርቀት እንዴት ይመረጣል?

በኢትዮጵያ ሐይቆች አምባዛንና ናይል ፐርችን የመሳሰሉ ትልልቅ ዓሦችን ለማስገር ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ ረጅም መንጠቆ ነው። በአነስተኛ ካፒታል የሚዘጋጅና በአንድ ጀልባ በሁለት ሰው ጉልበት ሊሠራ የሚችል በመሆኑ፣ በግልም ሆነ በማኅበር ተደራጅተው ወደ ዓሣ ማስገር ሥራ ለሚገቡ ዜጎች ተስማሚ ነው። መሣሪያው ብዙ ጊዜ በአስጋሪው በራሱ እጅ የሚዘጋጅ ስለሆነ የሚያስገኘው ውጤት በአዘገጃጀቱ ጥራት ይወሰናል።

በአዘገጃጀት ወቅት ሁለት ውሳኔዎች ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣሉ። የመጀመሪያው የመንጠቆው መጠን ሲሆን፣ ሁለተኛው በመንጠቆና በመንጠቆ መካከል የሚተወው ርቀት ነው። መጠኑ በትክክል ካልተመረጠ ገና ያልተራባ ዓሣ ይያዛል፤ ርቀቱ በትክክል ካልተለካ ደግሞ ገመዱ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የአንድ ሌሊት ድካም ከንቱ ይቀራል። በተለይ በዐቢይ ጾምና በሌሎች አጽዋማት የዓሣ ፍላጎት ከፍ ሲል በአንድ ገመድ ላይ መንጠቆ አብዝቶ መደርደር ምርት የሚጨምር ሊመስል ይችላል። ይህ ጽሑፍ ርቀቱን ሳይጠብቁ መንጠቆ ማብዛት ለምን እንደማያዋጣና ትክክለኛው አዘገጃጀት ምን እንደሚመስል ያብራራል።

1. የረጅም መንጠቆ ክፍሎች

ረጅም መንጠቆ የሚከተሉት ክፍሎች አሉት፦

• ዋና ገመድ፦ ሙሉውን መሣሪያ የሚሸከም ረጅምና ወፍራም ገመድ ነው።
• ቅርንጫፍ ገመድ፦ ከዋናው ገመድ ላይ በተወሰነ ርቀት እየታሰረ የሚንጠለጠል አጭርና ቀጭን ክር ነው።
• መንጠቆ፦ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ገመድ ጫፍ ላይ ይታሰራል።
• መልህቅና ክብደት፦ ገመዱን በሚፈለገው ጥልቀት ላይ ይይዛሉ። ድንጋይ ወይም በአሸዋ የተሞላ ከረጢት ሊሆን ይችላል።
• ተንሳፋፊና ምልክት፦ ገመዱ ያለበትን ቦታ ያመለክታሉ። የታሸገ ባዶ ጀሪካንና በዘንግ ላይ የታሰረ ደማቅ ጨርቅ ለዚህ ያገለግላሉ።

2. በመንጠቆዎች መካከል ያለው ርቀት

መሠረታዊው ደንብ አንድ ነው፦ በሁለት ተከታታይ ቅርንጫፍ ገመዶች መካከል ያለው ርቀት ከሁለቱ ቅርንጫፎች ድምር ርዝመት መብለጥ አለበት። ምክንያቱም ሁለቱ ቅርንጫፎች አንዱ ወደ ሌላው ቢዘረጉ እንኳ መንጠቆዎቹ ሊደራረሱ አይገባም።

ለምሳሌ ቅርንጫፍ ገመዱ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የሁለቱ ድምር 1 ሜትር ነው። ስለዚህ ርቀቱ ከ1 ሜትር በላይ መሆን ይኖርበታል። ማዕበልና የተያዘ ዓሣ ገመዱን ስለሚያንቀሳቅሱት መጠባበቂያ መተው ያስፈልጋል፤ በመሆኑም 1.5 ሜትር ማድረግ ይመከራል። በዚህ ርቀት 100 መንጠቆ ለሚይዝ ገመድ የሚያስፈልገው እንደሚከተለው ይሰላል፦

• በ100 መንጠቆዎች መካከል 99 ክፍተቶች አሉ። 99 በ1.5 ሲባዛ 148.5 ሜትር ይሆናል።
• በሁለቱም ጫፎች ለመልህቅ ማሰሪያ ከመንጠቆ ነፃ የሆነ 5፣ 5 ሜትር ሲጨመር 158.5 ሜትር ይደርሳል። ቋጠሮዎች የሚወስዱት ርዝመት ስላለ ከዚህ ትንሽ አብልጦ መግዛት ይሻላል።
• ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ለሁለቱ ጫፍ ቋጠሮዎች ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ቢታሰብ ለ100 ቅርንጫፍ 65 ሜትር ክር ይበቃል።

ይኸው ዋና ገመድ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ቢታሰርበት 250 ያህል መንጠቆ ይሸከማል። በወረቀት ላይ ምርቱ ከእጥፍ በላይ የሚያድግ ይመስላል። በተግባር ግን ሁለቱ ባለ 50 ሳንቲ ሜትር ቅርንጫፎች አንዱ የሌላውን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሻገራል። አንድ አምባዛ ሲያዝ በኃይል ይገለባበጣል፤ ራሱን በገመዱ ላይ ይጠቀልላል፤ በግራና በቀኝ ያሉትንም መንጠቆዎች አብሮ ይስባቸዋል። በዚህም አንድ ዓሣ ብቻ ይዘው ከሥራ ውጪ የሚሆኑ መንጠቆዎች ይበዛሉ። የተጠላለፈውን ለመፍታት የሚጠፋው ጊዜ፣ የሚቆረጠው ክርና የሚጠፋው መንጠቆ ተጨማሪ ወጪ ነው።

ደንቡ ዝቅተኛውን ርቀት የሚወስን ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው እንደ ሁኔታው ይስተካከላል። ዓሣ ተበታትኖ በሚገኝበት ቦታ ርቀቱን ማስፋት ገመዱ ሰፊ አካባቢ እንዲሸፍን ያደርጋል። ትልልቅና ኃይለኛ ዓሣ በሚጠበቅበት ጊዜም ርቀቱ ይሰፋል። የቅርንጫፉ ርዝመት በተለወጠ ቁጥር ርቀቱ እንደገና መሰላት እንዳለበት መዘንጋት አይገባም፤ 80 ሳንቲ ሜትር ቅርንጫፍ የታሰረበት ገመድ ከ1.6 ሜትር በታች በሆነ ርቀት ሊሠራ አይችልም።

ርቀቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል እንዲሆን በዓይን ግምት መሥራት ተገቢ አይደለም። በሚፈለገው ርዝመት የተቆረጠ አንድ ዘንግ እንደ መለኪያ መጠቀም ቀላልና አስተማማኝ ነው። ገመዱ በሁለት ምሰሶ መካከል ተወጥሮ በዘንጉ እየተለካ በቀለም ወይም በክር ምልክት ይደረግበታል፤ ቅርንጫፎቹ የሚታሰሩት ምልክቱ ካለቀ በኋላ ነው።

3. የመንጠቆ መጠንና ቅርጽ

መንጠቆ ሲገዛ የሚታየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በተለመደው አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ ቁጥር 10 ከቁጥር 6 ያነሰ ነው። ከቁጥር 1 የሚበልጡት ትልልቅ መንጠቆዎች ደግሞ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባሉ የሚጻፉ ሲሆን፣ በእነዚህ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ይተልቃል። የአንዱ አምራች ቁጥር ከሌላው ጋር ሙሉ በሙሉ ስለማይመሳሰል አስተማማኙ መለኪያ በሾሉ ጫፍና በዘንጉ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ገዢው ማስመሪያ ይዞ ክፍተቱን ቢለካና ውጤት የሰጠውን መንጠቆ ልክ ቢመዘግብ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የአምራቹ ስም ቢለያይም ተመሳሳይ መንጠቆ መግዛት ይችላል።

የመጠኑ ምርጫ ከሐይቁ የወደፊት ምርት ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ትልቅ ዓሣ ትንሽ መንጠቆ ሊውጥ ይችላል፤ ትንሽ ዓሣ ግን ከአፉ የሚበልጥ መንጠቆ ሊጎርስ አይችልም። ስለዚህ ክፍተቱ ሰፋ ያለ መንጠቆ መምረጥ ያልደረሱ ዓሦችን ከመያዝ ለመቆጠብ ያስችላል። ትንሽ መንጠቆ ያልተራባውን ዓሣ ከመያዙም በላይ ትልቅ ዓሣ ሲይዘው ተቃንቶ ሊያመልጠው ይችላል። አንድ ዓሣ ሳይራባ ከተያዘ አስጋሪው የሚያጣው የዛሬውን የክብደት ልዩነት ብቻ ሳይሆን ዓሣው ወደፊት ሊተካ የሚችለውን ዘር ጭምር ነው።

በቅርጽ ረገድ ሁለት ዓይነቶች በስፋት ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ጫፉ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ላይ የሚያይ የተለመደው መንጠቆ ነው። ሁለተኛው ጫፉ ወደ ዘንጉ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ነው። ክብ መንጠቆ ዓሣው ጎርሶ ሲሄድ በአብዛኛው በአፉ ጥግ ላይ ይይዛል፤ አስጋሪው መሳብ ሳያስፈልገው ዓሣው ራሱን ስለሚይዝ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ተቆጣጣሪ ለሚቆይ ረጅም መንጠቆ የተመቸ ነው። ወደ ሆድ ዘልቆ የመዋጥ ዕድሉ አነስተኛ በመሆኑም ያልደረሰ ዓሣ ቢያዝ በሕይወት ሊለቀቅ ይችላል።

ከመግዛት በፊት የእያንዳንዱ መንጠቆ ጫፍ ስለት መፈተሽ ይኖርበታል። የዶለዶመ መንጠቆ በትንሽ ሞረድ ሊሳል ይችላል፤ የዛገና የተቃና መንጠቆ ግን መወገድ አለበት።

4. የገመድ ምርጫ

ገመዶች በውኃ ውስጥ የሚኖራቸው ባሕርይ በተሠሩበት ቁስ ይለያያል። ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ፤ ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋሉ። አምባዛ በአብዛኛው በሐይቁ ወለል አጠገብ ስለሚመገብ ለእሱ የሚዘጋጅ ዋና ገመድ ከሚሰምጥ ቁስ ቢሠራ ይመረጣል። የሚንሳፈፍ ገመድ ብቻ ከተገኘ ክብደቶቹን ማቀራረብ ያስፈልጋል።

ቅርንጫፍ ገመዱ ከዋናው ገመድ የደከመ መሆን አለበት። መንጠቆው በግንድ ወይም በድንጋይ ላይ ቢጣበቅ የሚበጠሰው አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ሆኖ ዋናው ገመድ ከነቀሩት መንጠቆዎች ይተርፋል። አቅም ያላቸው አስጋሪዎች በዋናውና በቅርንጫፉ መካከል ስዊቭል የተባለውን ተሽከርካሪ ማያያዣ ቢጨምሩ፣ ዓሣው ሲገለባበጥ ክሩ ከመጠማዘዝ ይድናል።

ቋጠሮ ማንኛውንም ገመድ ያደክማል። ስለሆነም እያንዳንዱ ቋጠሮ በውኃ ረጥቦ ቀስ ተብሎ መጥበቅና ከዚያም በእጅ ተስቦ መፈተን አለበት። የፀሐይ ሙቀትና ብርሃን ሰው ሠራሽ ገመዶችን ስለሚጎዳ መሣሪያው ከሥራ በኋላ ታጥቦ በጥላ ሥር መቀመጥ ይገባዋል።

5. ክብደት፣ ተንሳፋፊና የሐይቁ ጥልቀት

ረጅም ገመድ በሁለቱ ጫፍ መልህቆች ብቻ ከተያዘ መሀሉ በውኃ እንቅስቃሴ ይንሸራተታል። ይህን ለመከላከል ትንንሽ ክብደቶች በመካከል ይታሰራሉ፤ ለምሳሌ በየ20 መንጠቆው አንድ። ክብደቱ መታሰር ያለበት በሁለት ቅርንጫፎች እኩሌታ ላይ ነው፤ ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ከተጠጋ መንጠቆው በክብደቱ ላይ ይጠመጠማል።

ከመልህቁ እስከ ተንሳፋፊው ያለው ገመድ ከውኃው ጥልቀት መብለጥ አለበት፤ አለበለዚያ በማዕበል ጊዜ ተንሳፋፊው መልህቁን እያነሳ ያንቀሳቅሰዋል። የጥልቀቱን አንድ ተኩል እጥፍ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። የሐይቆች ጥልቀት እጅግ ይለያያል፦ የዝዋይ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ 9 ሜትር፣ የጣና 14 ሜትር፣ የሐዋሳ ደግሞ 22 ሜትር ያህል ነው። ለዝዋይ የተዘጋጀ የተንሳፋፊ ገመድ በሐዋሳ ጥልቅ ቦታ ላይ ቢጣል ምልክቱ ከነመሣሪያው ሊሰምጥና ሊጠፋ ይችላል።

6. የዓሣውና የሐይቁ ሁኔታ

አምባዛ፦ በአብዛኛው በሌሊት የሚመገብ በመሆኑ ገመዱ ወደ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ ቢነሳ ይመረጣል። ገመዱን ሳያነሱ ማቆየት ዓሣው እንዲሞትና ጥራቱን እንዲያጣ ያደርጋል።

ናይል ፐርች፦ በጫሞና በአባያ ሐይቆች የሚገኝ፣ ሌሎች ዓሦችን የሚመገብ ትልቅ ዓሣ ነው። ጠንካራ ዋና ገመድ፣ ትልቅ መንጠቆና ሰፋ ያለ ርቀት ይፈልጋል።

ቆሮሶ፦ ዋና ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚበቅሉ ደቃቅ ዕፅዋት ስለሆኑ ረጅም መንጠቆ ለቆሮሶ ተስማሚ መሣሪያ አይደለም። መንጠቆ የሚያሳንስ አስጋሪ ቆሮሶን ከመጨመር ይልቅ ጫጩት አምባዛ ይጨምራል።

ቢልጫ፦ በጣና ሐይቅ የሚገኙ በርካታ የቢልጫ ዝርያዎች በክረምት፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይጓዛሉ። በዚህ ወቅት በወንዞች አፍ ላይ ማጥመጃ መጣል የመንጋውን መተኪያ ያቋርጣል። አምባዛም በዝናብ ወቅት ለመራባት ወደ ተጥለቀለቁ የሐይቅ ዳርቻዎች ስለሚወጣ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻዋል።

7. ማማለያ

ማማለያው ከመንጠቆው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ማማለያው የመንጠቆውን ክፍተት ሙሉ በሙሉ ከሞላው ጫፉ ዓሣውን ሊይዝ አይችልም፤ ስለዚህ ሾሉ ጫፍ በግልጽ መታየት ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ማማለያው ከየት እንደሚገኝ ነው። ለማማለያ ሲባል ዓይኑ በጣም ጠባብ በሆነ መረብ የቆሮሶ ጫጩት ከዳርቻ መሰብሰብ፣ በትልቅ መንጠቆ የተጠበቀውን ሀብት በሌላ በኩል ማጥፋት ነው። በምትኩ ከዓሣ ማራገፊያ ቦታዎች የሚገኝ የዓሣ ተረፈ ምርት ተቆራርጦ መጠቀም ይቻላል። ይህ ወጪ ይቀንሳል፤ የማራገፊያ ቦታውንም ንጽሕና ይረዳል።

8. ወደ ውኃ ከመግባት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

አዲስ የተዘጋጀ ወይም የተጠገነ ገመድ በየብስ ላይ መፈተሽ አለበት፦

• ገመዱ በሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሁለት ተከታታይ መንጠቆዎች አንዱ ወደ ሌላው ይሳባሉ። የሚነካኩ ከሆነ ርቀቱ ይስተካከላል።
• እያንዳንዱ ቋጠሮ ተስቦ ይፈተናል፤ የላላው እንደገና ይታሰራል።
• ገመዱ በቅርጫት ውስጥ እየተጠቀለለ መንጠቆዎቹ በቅደም ተከተል በቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ይሰካሉ። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል።
• ቢያንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ30 እስከ 50 በሚሆኑ መንጠቆዎች ሙከራ ቢደረግ፣ ስህተት ቢኖር ጉዳቱ አነስተኛ ይሆናል።

በሙከራው ወቅት የተያዘው ዓሣ ብዛትና ርዝመት፣ የተጠላለፉትና የጠፉት መንጠቆዎች ቁጥር በደብተር ቢመዘገብ፣ ርቀቱንና መጠኑን በግምት ሳይሆን በውጤት ለማስተካከል ያስችላል።

9. ደኅንነትና የጠፋ መሣሪያ

ገመድ ሲጣልና ሲነሳ አንዱ ሰው ጀልባውን፣ ሌላው ገመዱን ብቻ ቢይዝ አደጋ ይቀንሳል። ገመድን በእጅ መጠቅለል ክልክል ሊሆን ይገባል፤ ትልቅ ዓሣ ሲስብ ጣት ሊቆርጥ ወይም ሰውን ወደ ውኃ ሊጥል ይችላል። ስለታም ቢላዋ በቅርብ መኖር አለበት። በመንጠቆ ወይም በአምባዛ የክንፍ እሾህ የተወጋ ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ስለማግኘት ጤና ተቋምን ማማከር ይኖርበታል። በጫሞና በአባያ አዞና ጉማሬ ስለሚገኙ በጨለማ ብቻን መሥራትና ወደ ውኃ ወርዶ ገመድ ማላቀቅ ለሕይወት አስጊ ነው።

ባለቤቱ ያጣው ገመድ በውኃ ውስጥ ሆኖ ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። በዳርቻ የተጣለ መንጠቆም አእዋፍን፣ ውኃ የሚጠጡ ከብቶችንና በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ልጆችን ይጎዳል። ስለሆነም የተንሳፋፊው ምልክት በግልጽ መታየት፣ የተበጠሰ ገመድም ተፈልጎ መውጣት አለበት።

10. ሕጋዊ ሁኔታና አገልግሎት የሚገኝባቸው ተቋማት

የዘርፉ መሠረታዊ ሕግ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። የመሣሪያ ዓይነትን፣ የማስገሪያ ቦታንና ወቅትን የሚመለከቱ ዝርዝር ድንጋጌዎች ከክልል ክልል ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ለገበያ የሚያሰግር ማንኛውም ሰው መሣሪያ ከመግዛቱ አስቀድሞ ፈቃድን የተመለከተ መረጃ ከሚሠራበት አካባቢ ማግኘት ይጠበቅበታል። በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ክልል የሚገኙ የጫሞና የአባያ ክፍሎች በፓርኩ ደንብ ጭምር ስለሚተዳደሩ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማጣራት ያስፈልጋል።

ተገልጋዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢሄዱ ይመከራል። በሄዱበት ጊዜ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያቀርቡ የተሟላ ምላሽ ለማግኘት ይረዳቸዋል፦

• በሐይቁ ላይ በረጅም መንጠቆ ማስገር የተፈቀደባቸው ቦታዎችና ወቅቶች የትኞቹ ናቸው?
• ሊያዝ የሚፈቀደው አነስተኛ የዓሣ መጠን ስንት ነው?
• ለግል አስጋሪና ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሚጠየቁት ማስረጃዎች ምንድን ናቸው?
• የማስገሪያ መሣሪያ አዘገጃጀት ሥልጠና መቼና የት ይሰጣል?

በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልን ጨምሮ፣ በባሕር ዳርና በባቱ ያሉ የምርምር ማዕከላት በዓሣ ዝርያዎችና በማስገሪያ ዘዴዎች ላይ ይሠራሉ። የተዘጋጀ ገመድ ናሙናና የሙከራ መዝገብ ይዞ ለባለሙያ የሚቀርብ አስጋሪ የተሻለ ምክር ያገኛል፤ ባለሙያው የመንጠቆውን ክፍተትና በመንጠቆዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በእጁ ለክቶ መናገር ይችላልና።